በከንቱ የተቆረጠው ጥድ

ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

የመሥሪያ ቤታችንን መስክ የዋጠው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ዛሬም አልለቀቀም። እርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ያ ለስላሳ ነገር ነው፤ ሣሩን ከሥሩ ያፍነዋል። አመድ በተንሁበት፤ በእጄ ቧጠጥሁት። በሰኔ ደግሞ ጥላ ነው የሚያመጣው ብዬ ባለጉዳዮች የሚጠለሉበትን ትልቁን ጥድ አስቆረጥሁ። መጽሐፍ ላይ እንዲያ የሚል አንብቤ ነበር።

ያን ጊዜ ዘበኛው አያሌው፣ "አባባ፣ ዛፉ ምን አደረገዎት? መሬቱ ውሃ ጠግቦ ነው። የጤፍ ማሳ ቢሆን ውሃው የሚወርድበት ፈሰስ ይወጣለት ነበር" አለኝ።

"አትክልተኛው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" አልሁት። ይባስ ብዬ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ሥራ ያደናቅፋል ብዬ ተናገርሁበት። መጠለያ ወደሌለው የኋላ በር አዛወሩት።

ዛሬ በዶማ ብቆፍር ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ሞላ። የድሮውን ቦይ የደፈንሁት እኔው ነበርሁ፤ አምና፣ መስኩ እንዲያምር ብዬ።

ፈሰሱን ብቻዬን ሳወጣ ዝናብ ያዘኝ። አያሌው መጥቶ የቆፈርሁትን አየ። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ከዝናብ የሚጠለልበትን የሣር ገሳ አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለና፣ "ይልበሱት፣ ብርድ ይመታዎታል" አለኝ።

እሺ ብዬ ለብሼው ቤቴ ገባሁ።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው ሐሙስ ነው። ሰው ፊት ተነሥቼ ተሳሳትሁ ማለት አለብኝ፤ በዕድሜዬ ብዬው አላውቅም። ገሳው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ያንጠባጥባል። ዝናቡ አላባራም። አያሌው እዚያው በሩ ላይ ነው።