አፈር ያጣች ኢጓና

ሰኞ፣ ሜይ 4

ደግሞ መስታወቱ ላይ ነጭ ጨው። ወለወልኩት። ቀንዳሟ ኢጓና፣ ይህቺ ግዙፍ እንሽላሊት፣ ስታስነጥስ ከአፍንጫዋ የሚወጣ ነው። ጎብኚው ጉንፋን ይለዋል። ኢጓና የተረፋትን ጨው እንዲህ ነው የምታስወጣው። ኮምቦልቻ አሥራ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ እዚህ ሰው አገር የእባብና የእንሽላሊት ማሳያ ቤት ጠራጊ ነኝ። ማን ይጠይቀኛል?

ምግብ ካቆመች አራት ቀኗ። የምትወደው የቁልቋል ቅጠል እንኳ እንዳለ ነው። ሆዷ ተነፍቷል። ሲሚንቶውን ስትቧጥጥ ጥፍሯ ደምቷል። ደብተሬ፣ ይህቺ እንቁላል ይዛለች! ወንድ የላትም ይበሉ፤ ዶሮስ ያለ አውራ ትጥል የለ? ዘሯ የመጣበት ደሴት ላይ ብትሆን አፈር ቆፍራ ትቀብረው ነበር። እዚህ አፈር የለም። ካልጣለችው ትሞታለች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 5

ለአለቃዬ ለኬቨን ነገርኩት። እንዴት? አንገቴን ደፍቼ። ምናልባት፣ ካላስቸገርኩ፣ ትንሽ አፈር ብናገኝላት… እኛ ዘንድ አለቃ እንዲህ ሲባል ነገሩ እንደከበደ ይገባዋል። እዚህ ምናልባት ያለ ሰው አያውቅም ማለት ነው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ይሉኝታዬን ድፍት ያድርገው!

ዘሃራ ሳቀችብኝ። ስፖንሰር አድርጋ ያመጣችኝ ሚስቴ፣ አገሩን የለመደች። በእንግሊዝኛም ትለማመጣለህ? አለችኝ። ተናደድኩ። እውነቷን ነዋ።

ሐሙስ፣ ሜይ 7

ኢጓናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ ሰርጉዷል። ኬቨን ሐኪሙ ሰኞ ይመጣል አለ። ሰኞ! እስከዚያ ማን ያቆይልናል?

ከሥራ ስወጣ ለዘሃራ ኮል አደረግሁ። ምንም ሳትጠይቀኝ መኪናዋን አስነስታ መጣች። ማዳበሪያ የሌለው አፈርና አሸዋ ገዝተን ጫንን።

ዓርብ፣ ሜይ 8

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። አንድ ትልቅ ሣጥን አፈር ሞላሁላት፣ ውሃ አርከፈከፍኩ። አሸተተች። ከዚያማ ምን ልበልህ፣ እስከ ጅራቷ ገብታ ቆፈረች። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ሆዷ ሟሽሿል። አፈሩን መልሳ ላዩ ላይ ተኛች። አልሐምዱሊላህ! ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ኬቨን ፎቶ አንስቶ ፖስት አድርጓል። የቡድናችን ሐሳብ ይላል። ቡድኑ እኔና መጥረጊያዬ ነን።

ቅዳሜ፣ ሜይ 9

የደረቀውን ቅጠል ላነሳ እጄን ባስገባ ነከሰችኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ግን አልፈርድባትም። ጎጆዋን እየጠበቀች ነው። ደሴቷም ላይ ሌላ ሴት መጥታ እንዳትቆፍርባት ለቀናት ትጠብቃለች። እንቁላሉ ባዶ መሆኑን ማን ይንገራት?

ኬቨን አፈሩ ማሳያውን አቆሸሸው አለ። ጫጩት የማይወጣው እንቁላል ምን ይሠራል፣ ነገ በር ሳይከፈት አፍሰህ ጣለው። ካልሆነ ሌላ ጠራጊ አላጣም አለኝ። እሺ አልኩ። ወላሂ፣ አሁንም እሺ አልኩ!

እሁድ፣ ሜይ 10፣ አውቶቡስ ውስጥ

እጄ አብጧል። ዘሃራ በፋሻ ጠቅልላልኛለች፤ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚያ ነው።

አልቆፍርባትም። በራሷ ጊዜ እስክትነሳ አፈሯን የሚነካ የለም። ለኬቨን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ያለ ምናልባት፣ ያለ ካላስቸገርኩ። ከፈለገ ያባርረኝ።

ደረስኩ። ኬቨን አካፋ ይዞልኝ በሩ ላይ ቆሟል።