ጉብታው መሃል ላይ ይሁን

ለውድ ወንድምዓለም እንግዳው፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ሰብሌስ ደኅና ናት? ሕፃኑ ጥርስ አወጣ? የዱባይ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እዚህ፣ ምስጋና ለመድኃኔዓለም፣ ገብሱ እሸት ይዟል፣ ላሚቱም ወልዳለች። የሰውን ነገር ወደ ታች ስትወርድ ታየዋለህ። ግራ ገብቶኝ ስለምጽፍ አንተንም ግራ ባጋባህ አትቀየመኝ።

ካሜራው በሰላም ደርሶኛል። የአባባ ድምፅ በስልክ ደከመብኝ፣ ፊታቸውን አጥርተሽ አንሺልኝ ብለህ ነበርና በማግስቱ ተነሣሁ። ስታስረዳኝ «ጉብታው መሃል ላይ ይሁን፣ ግድግዳ አይንካ» አላልከኝም? እኔ ጉብታ ሲባል የማውቀው ከአውድማችን በላይ ያለውን ነው። አባባን ወደ ዳር ገፋ አድርጌ፣ ጉብታውን መሃል አስገብቼ፣ የጎረቤትን ግድግዳ እንዳይነካ ተጠንቅቄ አነሣሁ። እንግዳው የናፈቀው ጉብታውን ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፎቶው ላይ ከእሳቸው የወጣው አንድ ትከሻና ከዘራቸው ነው። እባክህ አትሳቅ።

ኋላ ላሊበላ ሄጄ ሠርግ የሚያነሣውን ዮኒን ጠየቅሁት። ጉብታ ያልከኝ ለካ ካሜራው የሚሥለው የብርሃን ግራፍ ኖሯል። ጨለማው በግራ፣ ብርሃኑ በቀኝ ይከመራል፤ ግራውን ጠርዝ ከነካ ጥቁሩ ተውጧል፣ ቀኙን ከነካ ነጩ ነዷል አለኝ። ገባኝ ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስሁ።

አባባን ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ግራፉን መሃል ሳደርገው ጋቢው አመድ መሰለ፣ ፊታቸውም ጠቆረ። ፊታቸው እንዲታይ ብርሃን ስጨምር ግራፉ ሄዶ ቀኙ ጠርዝ ላይ ተለጠፈ፣ የጋቢው እጥፋት ጠፋ። አንተ ጠርዝ የነካውን አጥፊው ብለሃል። ዮኒ ደግሞ ነጭ ለባሽ ሲሆን ወደ ቀኝ ቢጠጋ ነውር የለውም ይላል። ማንኛችሁን ልመን?

ሁለቱንም ለአባባ አሳየኋቸው። የጠቆረችዋን ወደዷት። ብርሃን የበዛባትን ግን ብዙ አዩዋት። ጉንጫቸው ጎድጉዶ፣ የአንገታቸው ጅማት ወጥቶ ይታያል። አብሬያቸው ስለምውል ስለማድር እኔም እንዲህ መሆናቸውን አላስተዋልሁም ነበር። «ይቺን አጥፊያት፤ ልጄ በሰው አገር አይደንግጥብኝ» አሉኝ።

ስለ ጤናቸው አንዲት ቃል እንዳልጽፍልህ አስምለውኛል። ይኸው አልጻፍኩም። ፎቶ መላክ መሐላ ማፍረስ ይሁን አይሁን ግን አላወቅሁም፤ ቄሱን እንዳልጠይቅ ለአባባ ይነግሩብኛል። ብርሃን የበዛባትን ከዚህ ጋር በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ግራፉን ተወውና ፊታቸውን እይ። ከዚያ ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን እንደገና አስበው።

እማዬ ሕፃኑን አገላብጠህ ሳምልኝ ትልሃለች። ታናሻችን ውባንተ ለሰብሌ ሰላም በይልኝ ብሏል። አባባም የጠቆረችዋን የላክሁልህ መስሏቸው፣ ደኅና ነኝ በይልኝ ብለዋል።

እኅትህ ዳግማዊት
ብልባላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.