ሳይቀቀል የቀረው ጋቢ

ሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 1938

ዛሬም የማዘጋጃ ቤቱን በርሜል ይዘን ወጣን። ከተክለ ሃይማኖት በታች ያለውን ሰፈር ጨረስን። ተስቦ የገባበት ቤት ልብሱ ሁሉ ይቀቀላል፤ በሽታውን የሚያዛምተው ቅማል ነውና። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው፣ «ቅማል ቆጣሪው መጣ!» ይላሉ። ይበሉ።

ጠሂራ ቤት ገባሁ። ባሏ ረዲ በተስቦ ከሞተ ገና ሳምንቱ። ልብሱን ሁሉ አወጣች… ከጋቢው በቀር። ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይታያል።

«ያስ?»

«እሱን ይተዉልኝ፣ ጋሼ ዘውገ። ሽታው አለበት።»

መዝገቡ ላይ «ሁሉም ተቀቅሏል» ብዬ ጻፍኩና ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

የባለቤቴን የአበራሽን ሳጥን ከፈትኩ። እሷንም የወሰደብኝ ተስቦ ነው… ዘጠኝ ወር ሆነ። ሌላው ልብሷ ሲቀቀል ጋቢዋን ደበቅኩ። እኔ! የሰው ቤት የምፈትሸው።

ራሷ የፈተለችው ነው። ጣቷ ቆስሎ ስለነበር ጫፉ ላይ ክሩ ወፍሯል። ሸማኔው፣ «እትዬ፣ ይሄ ፈትል ነው ገመድ?» ቢላት ጎኗን ይዛ ሳቀች።

አሸተትኩት። አሁንም አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

የጠሂራ ልጅ ሱሀይር ተኛች። ስድስት ዓመቷ ነው። በአባቷ ጋቢ ተጠቅልላ ነበር የምታድረው። አዝዬ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ተስቦ ነው አሉ።

«ጋቢው ነው፣ ጋሼ?» አለችኝ እናቷ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። ሰሙኝና፣ «የሚስትህስ ልብስ?» አሉ። በምን አወቁ?

ጋቢዋን ይዤ ጠሂራ ቤት ሄድኩ። በርሜሉን ጣድኩ።

«ይሄኛው የማነው?»

«የባለቤቴ።»

አየችኝ። የረዲን አምጥታ ራሷ ጨመረችው። አንድ ዱላ ይዘን እየተቀባበልን አገላበጥን። እሷም አለቀሰች፣ እኔም… ጭሱ ነው አልን።

የመዝገቡንም ውሸት ሰርዤ እውነቱን ጻፍኩ። አለቃዬ ያባርረኝ ይሆን? ያባርረኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ሱሀይር ዳነች! ጸጉሯን ላጭተዋታል። ገና ስታየኝ፣ «ቅማል ቆጣሪው!» አለች። ተመስገን።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 24

የተክለ ሃይማኖት በዓል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢውን አወጣሁ… ሳሙና ሳሙና ይላል። ሌላ ምንም። እንደገና አሸተትኩት። የለችም።

ለበስኩት። ይሄን ሁሉ ወር እየበረደኝ ሳጥን ውስጥ ቆልፌው…

ቅዳሴ ላይ እጄ ሳላስበው ጫፉን ይዳብሳል። ወፍራሙን ክር አገኘው። ሕዝቡ እስኪሰናበት ይዤው ቆምኩ።