የእማዬ ፀጉር እስኪደርቅ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? ሰላምታዬን ከላይ ጀምሬ ወደ ታች ላውርደው። ራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? ምግብ መቅመስ ጀመርሽ ወይስ አሁንም ሽታው ያባርርሻል? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳስ መራገጡን አልተወም? እግርሽ ማበጡን ለእማዬ በስልክ ነግረሽ ለኔ ሳትነግሪኝ መቅረትሽን ሰምቻለሁ። ቢሆንም እግርሽም እንዴት ነው ብያለሁ። ባለቤትሽስ ደህና ነው? አማትሽስ ወገባቸውን ሻል አላቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬማ ከደህናም አልፋለች። ስልክ ትቼ ደብዳቤ የያዝኩትም በሷው ምክንያት ነው፤ ስደውል ሁልጊዜ አጠገቤ ናት፣ በዚያ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኛል።

ከሥራዬ ልጀምርልሽ። የመዝናኛ ፓርካችን ውሃ ገባበት። ያ ከዓምና ጀምሮ በቆርቆሮ አጥረው ሲቆፍሩት የነበረው የኋላ ሜዳ ገንዳና የውሃ ሸርተቴ ሆኖ ተከፈተ። እሱ ሳያንስ የመግቢያውን ዋጋ በግማሽ ቀነሱት። ድሮ በር ላይ ከፍለሽ፣ ደግሞ ለየጨዋታው ትኬት ትቆርጪ ነበር፤ አሁን አንዴ ከገባሽ ሁሉም ያንቺ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ሰብስቦን፣ በዙሪያችን ካሉት ከተሞች ሁሉ ሰው ይጎርፋል ሲለን አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ያኔ እጄን በሰበረው!

ሰዉ እውነትም ጎረፈ፤ ግን እኔን አልፎ ነው የጎረፈው። ልጆች አስቀምጬ የማዞራቸው የእንጨት ፈረሶቼ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት መሆናቸውን ታውቂያለሽ። በፊት ልጆች ገና ከሩቁ ሲያዩዋቸው የእናታቸውን እጅ መንጭቀው ይሮጡልኝ ነበር። አሁን ፎጣቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ ዘወር ብለው እንኳ ሳያዩኝ ወደ ገንዳው ይበራሉ። ባዶ ፈረስ ማዞር ምን እንደሚመስል አታውቂም። ሙዚቃው ይጮኻል፣ አምፖሉ ይበራል ይጠፋል፣ እኔ ፍሬኑን ይዤ ፈገግ እላለሁ። ለማን እንደሆነ እንጃ። ሰው በውሃ ይቀናል ወይ ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ፤ እኔ ግን ቀናሁ።

ደግሞ የሚመጡልኝን ብታዪ! ዋኝተው ሲበርዳቸው ውሃ እያንጠባጠቡ ፈረሶቼ ላይ ይወጣሉ፤ ሲዞር ነፋሱ ቶሎ ያደርቃል አሉ። ሥራ አስኪያጁ ይህንን አይቶ፣ ጥሩ ማድረቂያ አገኘን ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ። ጆሮው የተሸረፈውን ነጩን ፈረስ ታስታውሺዋለሽ? ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ እሱ ላይ ካልሆነ አልቀመጥም እያልሽ መሬት ላይ የምትንከባለይበትን? ጀርባው በሰው እርጥብ ቁምጣ ተላልጦ አለቀ።

አሁን ወደ እማዬ ልምጣ። ሥራዬን እንድታይልኝ በዚህ ሁሉ ዓመት ስለምናት እግሯን አንስታ አታውቅም። ለሠራተኛ ቤተሰብ በነፃ ነው ስላት ራሴን ያዞረኛል፣ ጉልበቴን ያመኛል፣ ፀሐዩ ይከርራል ትለኝ ነበር። ታዲያ ዋጋው በቀነሰ በሳምንቱ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ያውም ከፍላ ገባች! ከላይኛው ፎቅ ከምትኖረው ልብስ ሰፊ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው። በፊቴ ሲያልፉ እጇን አውለበለበችልኝ፤ ለዘበኛው እንዳውለበለበችው ማለት ነው። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ውሃው ሄዱ።

እማዬ እኮ ናት! እኛ ልጆች ሳለን ከቁርጭምጭሚት ያለፈ ውሃ ስታይ እሪ የምትለው እማዬ። ዓይኔን አላምን ብዬ በምሳ ሰዓቴ ሄጄ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። ልብስ ሰፊዋ ባለእጅጌ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የዋና ልብስ ሰፍታላታለች። ገንዳ ጠባቂው፣ ባለፊሽካው የምንለው ወጠምሻ፣ ሆድሽን ወደ ሰማይ እያለ ያዛታል፤ እማዬ የልብስ ሰፊዋን ትከሻ ጨምድዳ ይዛ ትንፈራገጣለች፣ ውሃ ትተፋለች፣ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ እኔ ሰምቻት አላውቅም። ማታ፣ እንዴት ነበር ብላት፣ ውሃ ያው ውሃ ነው ብላኝ ክፍሏ ገባች። ከልብስ ሰፊዋ ጋር ግን ደረጃው ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ፤ ስወጣ ጸጥ ይላሉ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ፣ ጉልበቷን ማታ ማታ የማሸው እኔ፣ ወሬው ለልብስ ሰፊዋ! ቅናት ሲያንገበግበኝ ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽ? የተቀደደ ሽርጤን ለሷ መስጠት ትቼ ሌላ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ኪሱን ከነአፉ ሰፍቶ መለሰልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ እርጥብ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ብቻዋን ወደኔ መጣች። በመጨረሻ ፈረሶቼን ልታይልኝ ነው ስል፣ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ፀጉሬ እስኪደርቅ ትንሽ አዙሪኝ! እናት ናትና ምን አደርጋለሁ፤ ደግፌ ነጩ ፈረስ ላይ አወጣኋት፣ ቀበቶውን አሰርኩላት፣ ፍሬኑን ለቀቅሁት።

መጀመሪያ አጠገቤ ስትደርስ፣ የምነግርሽ ነገር አለ አለችኝና አለፈች። ዞራ ስትመጣ፣ እህትሽ ሳትወልድ ልደርስላት ነው ብላኝ ሄደች። እኔ ፍሬኑን እንደጨበጥኩ ጀርባዋን እያየሁ ቀረሁ። ደግሞ ስትመለስ ወደ አንቺ አገር የሚያሻግረውን መርከብ አነሳች። ሌሊቱን ሙሉ ባሕር ላይ ማደሩን ፈርታ ከሠርግሽ መቅረቷ እስከ ዛሬ አንጀቷን እንደሚበላት፣ አሁን ግን መንሳፈፍ ስለቻለች መርከቡ ቢገለበጥም ግድ እንደሌላት ነገረችኝ። ባሕሩም የሚይዙት ጠርዝና ባለፊሽካ ያለው መስሏታል። እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋት፤ መልሱን ለመስማት ዙሩን ሙሉ ጠበቅሁ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አንቺ ካለቀስሽ ደግሞ እኔ አልሄድም አለችኝ።

አላለቀስኩም። ግን ፍሬኑንም አልያዝኩትም። ካቆምኩት ወርዳ የምትሄድ መሰለኝ። ሙዚቃው አለቀ፣ ፀጉሯም ደርቆ ነፋሱ ይበትነው ጀመር፤ እኔ አሁንም አዞራታለሁ። በኋላ እውነትም ራሷን አዞራትና በቃሽ ስትለኝ አወረድኳት።

እንግዲህ ስሚኝ። በውሃው የቀናሁ፣ በልብስ ሰፊዋ የቀናሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በአንቺ ነው። ለኔ ሰፈሩን ተሻግራ አንድ ቀን ያልመጣች እናት፣ ላንቺ ባሕር ልትሻገር በዚህ ዕድሜዋ መንሳፈፍ ተማረች። ሐሳቧ ድንገት በርሽን አንኳኩታ ልታስደነግጥሽ ነበር። ለማንም እንዳልተነፍስ አስምላኛለች። ይኸው ተነፈስኩ። ደስ ይበልሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ በሩን ስትከፍቺ የምትጮኺውን ጩኸት ልቀንስብሽ ነው። ሁሉን ልትወስጂ ነውና ይህቺን ታህል ብወስድብሽ አይክፋሽ።

ግን እሷ ፊት እንዳታሳፍሪኝ። እንደማታውቂ ሆነሽ ጩሂ፤ ለሷ ስትይ ጩሂ። ጉልበቷን ማታ ማታ ሞቅ ባለ ቅባት እሺላት፣ ግራው ይብስባታል። ስለ ዋናዋ ስታወራሽ አትሳቂባት። ልጁ ጠንከር ሲል ደግሞ መልሺልኝ። ለምዳለች፣ ትቆይ የሚል ደብዳቤ ከጻፍሽልኝ እኅትማማችነታችን ያኔ አበቃ። ነጩን ፈረስ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ እስክትመለስ እርጥብ ሰው አላስቀምጥበትም፤ ሥራ አስኪያጁ የፈለገውን ይበል።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ወደቡ ድረስ ሄዶ ይቀበላት፣ ሲያያት ግን በአጋጣሚ ያገኛት ይምሰል። አማትሽን በጤና ያቆያቸው በይልኝ፤ እማዬን ብዙ አያስወሯት፣ በወሬ የምቀናበት ሰው በቅቶኛል። ሆድሽ ውስጥ ላለው እንግዳም፣ ገና ሳይወለድ አክስቱ ትቀናበታለች በይው፤ ሴት ከሆነችም ያው ነው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች፤ ትናንት ታርቀናል፣ ኪሴንም ፈትታ ሰፍታልኛለች። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጽፍልሽም፤ ራሷ ይዛልሽ እየመጣች ነው።

ታላቅ እህትሽ
ከኩሽናችን ጠረጴዛ፣ እማዬ ላይኛው ፎቅ ሳለች
ሰኞ፣ ሚያዝያ 20 ቀን