መንገድ ላይ ያለችው ደብዳቤ

ሰኞ

እኔ ትርንጎ ሞላ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በዚህ በፍልሰታ ጾም በደብተሬ ፊት የምናዘዘው ይህን ነው፦ አንዲት ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ትንሽ ናት። ሰባት መስመር። ችግሯ የጻፍኋት በአጎቴ በጋሼ ዘውዱ ስም መሆኑ ብቻ ነው።

ከፍርዱ በፊት ግን የተከሳሽ ቃል ይሰማ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ የምውለው ጋሼ ዘውዱ ቢሮ ነው። እናቴ «ሰቆጣን ስታካልይ ከምትውዪ አጎትሽን አግዢ» ብላ አስረከበችኝ። ጋሼ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረው፣ ኮምፒዩተር ሲመጣላቸው ኢሜይሉንም መዝገብ ቤት አደረጉት። የመጣው «ገቢ» ነው። የተላከው «ወጪ» ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ወረፋ የሚጠብቀው ደግሞ «መንገድ ላይ ያለ» ይባላል።

የኔ ሥራ ወጪውን ማጽዳት ነው። ሞልቶ ሞልቶ ፕሮግራሙ እንደ ሽማግሌ እያቃሰተ ነው የሚከፈተው። ለየዓመቱ አቃፊ እከፍታለሁ፣ የድሮውን ወደዚያ እወስዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ የተላከውን እሰርዛለሁ። ሁለት ጊዜ የተላከው ደግሞ ግማሹ ነው። ጋሼ የላኩት ደብዳቤ «ወጪ» ውስጥ ተቀምጦ ሲያዩት እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ሄዷል ካልሽ ለምን እዚህ አለ?»

«ቀሪ ኮፒው ነው ጋሼ።»

«ቀሪ ቢሆን ቀሪ የሚል ይጻፍበት ነበር።»

እንደገና ይልኩታል። አንዴ ዋናው መሥሪያ ቤት «እባክዎ አንድ ጊዜ ይበቃል» ብሎ ጻፈላቸው። እሱንም አትመው ፋይል አደረጉት።

አሁን ወደ ኃጢአቴ። ጋሼ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በጾም አምስት ጊዜ፣ «ይህን ሥራ እለቃለሁ» ይላሉ። ዛሬ የሚዝቱት ማተሚያው ላይ ነበር። ቀለም ፍለጋ ወደ ጎረቤት ክፍል ሲወጡ እኔ ቁጭ ብዬ ለቀቅሁላቸው። ጉዳዩ፦ ሥራ ስለ መልቀቅ። «ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገልሁ ሲሆን ከማተሚያው ጋር መግባባት ባለመቻሌ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅሁ መሆኑን በአክብሮት አስታውቃለሁ። ግልባጭ፦ ለሚመለከታቸው ሁሉ።» የሚመለከታቸውን ሁሉ ከአድራሻው ዝርዝር አንድ በአንድ አስገባሁ። እጄ የእሳቸው እጅ እስኪመስለኝ ድረስ።

ኔትወርክ ከቅዳሜ ጀምሮ የለም። ስለዚህ ለደስታው ያህል «ላክ» የሚለውን ተጫንሁት። የትም አልሄደችም። መንገድ ላይ ያለ፦ አንድ። ስቄ ሳልጨርስ፣ ልሰርዛት እጄን ሳነሳ፣ ጋሼ ገቡ።

«ተነሽ፣ መኪናው መጥቷል።»

ለመስክ ሥራ ፃግብጂ ወረዳ መሄዳቸው ነው። ኮምፒዩተሩን እንደ ልማዳቸው ከሶኬቱ ነቅለው ገደሉት። በሩን ቆለፉ። ቁልፉ ደረት ኪሳቸው ገባ። ሐሙስ ይመለሳሉ።

ሐሙስ እሰርዛታለሁ። ይኸው ነው ኑዛዜው።

ማክሰኞ

ቁርስ ሳልጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቂጣውን መልሼ አስቀመጥሁት።

ባለፈው ወርም ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። አሥራ አንድ ደብዳቤ መንገድ ላይ ተሰለፈ። ኔትወርኩ ሲመጣ ጋሼ ፕሮግራሙን ከመክፈታቸው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ አሥራ አንዱም ተከታትለው በረሩ። ጋሼ ቆመው አጨበጨቡ።

ስለዚህ ጋሼ ሲመለሱ ኔትወርክ ካለ፣ ኮምፒዩተሩን ሲከፍቱ ሥራቸውን ለቀቁ ማለት ነው። ሊያጨበጭቡም ይችላሉ።

ቢሆንም ቀልድ ነው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ስቆ ይተወዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከሰዓት በኋላ የጋሼ ባለቤት እትዬ አለሚቱ ጋ ሄድሁ። ሽሮ እህል ስንለቅም እንደ ዋዛ ጣል አደረግሁ።

«እትዬ፣ ጋሼ እውነት ሥራቸውን ቢለቁስ?»

«የት አባቱ ሊሄድ?» አለችኝ። ቀና እንኳ አላለችም። «ሰሞኑን ከላይ ደብዳቤ መጥቶለት የለም እንዴ። በፈቃዱ መልቀቅ የሚፈልግ ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍ የሚል። የጻፈን ሰው እጁን ስመው ነው የሚሸኙት፤ በቦታው የሚገባ ዲግሪ የያዘ ጎረምሳ ተኮልኩሎላቸዋል። እሱ ያን ቀን እራቱን አልበላም።»

«ሁልጊዜ እለቃለሁ እያሉ አይደል?»

«እኔስ ስንቴ እፈታሃለሁ ብዬዋለሁ። ቢሮ ካልሄደማ ዶሮዎቼን ቁጥር እየሰጠ ይመዘግባቸዋል። ዓመትም አይቆይ፤ ይሞትብኛል።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጠጠር ለቅሜ እህሉ ላይ መልሼ ጣልሁት።

ያሉኝ መንገዶች፦

ለጋሼ መንገር። ስልክ የለም። ቢኖርም ምላስ የለኝም።

ለእናቴ መንገር። ከመልቀቂያው ደብዳቤ የኔ የቀብር ደብዳቤ ይቀድማል።

አምደወርቅ ከተማ ያለችው አክስቴ ጋ መጥፋት። ደብዳቤዋ ግን እዚሁ ናት።

ቢሮ መግባት።

ረቡዕ

ቢሮ አልገባሁም።

በሩ ላይ የሚጠብቁት አሥር አለቃ ታረቀ ናቸው። ከሠራዊቱ ሲወጡ እኔ ገና አልተወለድሁም፤ ሠራዊቱ ግን ከእሳቸው አልወጣም። ደብተር ረስቻለሁ አልኋቸው።

«ደብዳቤ አለሽ?»

«የምን ደብዳቤ? የገዛ ደብተሬ ነው።»

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚል። የአጎትሽ ትእዛዝ ነው፦ እሳቸው በሌሉበት ያለ ደብዳቤ ወፍ አትገባም።»

ጣሪያው ላይ ሁለት እርግቦች ተቀምጠው ነበር። የእነሱን ደብዳቤ ማን እንደፈረመ አልጠየቅሁም። በደብዳቤ ጉድጓድ ገብቶ ለመውጫው ሌላ ደብዳቤ የሚጠየቅ ሰው ከራሴ በቀር አላየሁም።

በጀርባ ዞርሁ። መስኮቱ ብረት አለው። በመስተዋቱ ኮምፒዩተሩ ይታያል፤ ጋሼ በነጭ ጨርቅ ሸፍነውት አስከሬን መስሏል። ደብዳቤዬ ውስጡ ናት። ብትርቅ ሦስት ክንድ ነው። ብረቱ መሀል እጄን አስገብቼ ሞከርሁ፤ ክርኔ ተያዘ። ለማውጣት የፈጀብኝን ጊዜ አልጽፍም።

ስመለስ አሥር አለቃ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ግቢውን ይዞራሉ። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ነው የምትደውል። የዛሬው ሊያልፋቸው ነው።

«እስቲ አንቺ ወጣት ነሽ፣ ይህ ነገር ዛሬ ይመጣል ትያለሽ?»

«ይመጣል» አልኋቸው።

በልቤ ግን እስከ ቅዳሜ አይምጣ እያልሁ ነበር። ከሰቆጣ ሰው ሁሉ ኔትወርክ እንዳይመጣ የምለምን እኔ ብቻ ነኝ። ይህችኛዋ ኃጢአት ትንሽ አይደለችም፤ ስለዚህ በቀልድ አልናዘዛትም።

ሐሙስ

መጣ።

አምስት ሰዓት ላይ ገበያው መሀል ነበርሁ። የሁሉም ሰው ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ባጃጆቹ ዳር ያዙ። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው «ሃሎ» ይላሉ። ሰው እንዲህ ደስ ሲለው እኔ ብቻ ፊቴን አዞርሁ።

እግሬ ወደ ቢሮው ወሰደኝ። አሥር አለቃ ስልኩ ላይ አፍጥጠዋል፤ ከውስጡ የልጃቸው ድምፅ ይሰማል፦ «አባዬ፣ ግንባርህ ብቻ ነው የሚታየኝ።» ስልኩን ዝቅ አድርጌ አስተካከልሁላቸው። ከዚያ ሁለቱም በኽምጥኛ ቀጠሉ፣ እኔም ትቻቸው ወጣሁ። ትናንት የለመንሁት ይህ እንዳይሆን ነበር።

ማታ ሊሆን ሲል እትዬ አለሚቱ ጋ ነበርሁ፤ ጋሼ ደወሉላት። ወንዙ ሞልቶ መኪናው ማዶ ቀርቷል፤ እዚያው አድረው ነገ ጠዋት በቀጥታ ወደ ቢሮ ይገባሉ። እትዬ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ትርንጎ፣ ነገ በጊዜ ነይ። ወጪው ምን ላይ ደረሰ?»

አሁን ንገሪያቸው አልሁ ለራሴ። አፌን ከፈትሁ።

«ምን ነበር?» አሉ።

«በደህና ይግቡ ልል ነው።»

ፈሪ ነኝ። በዚህ ደብተር ውስጥ ይመዝገብ።

ዓርብ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ነበርሁ። ጋሼ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ መጡ። ቁልፉን ሲያዞሩ እጃቸውን ነበር የማይ።

«ጋሼ፣ ደክሞዎታል፤ እኔ ልክፈትልዎት» አልሁ።

«ተቀመጪ።»

ጨርቁን ገፈፉ፣ አጣጥፈው አስቀመጡ፣ ሶኬቱን ሰኩ። ኮምፒዩተሩ እያቃሰተ ሲነሳ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ አሉ።

«ለመልቀቅ ጻፉ ያሉን ዛሬ ያበቃል» አሉ። «የሚጽፍ ይጻፍ። ማታ ያን ወንዝ ሳይ ሳስበው ነበር። እኔ ጠዋት ተነስቼ እዚህ ካልመጣሁ፣ የት ነው የምሄደው?»

እኔን አልነበረም የጠየቁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ እናገር ነበር። ይመስለኛል።

እጃቸው ማውሱን ያዘ። ቀስቱ ወደ ኢሜይሉ ሄደ። እኔም መዝገብ የወደቀብኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁና የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልሁት።

«ይኸው፣ ጠፋ» አሉ ከላይ። «ትናንት መጣ ሲሉን ዛሬ ጠፋ። እለቃለሁ ይህን ሥራ።» ተነስተው አሥር አለቃን ሊጠይቁ ወጡ። የአሥር አለቃ ስልክ ግን ይሠራል። ብዙ ጊዜ የለኝም።

ወንበራቸው ላይ ወጣሁ። ፕሮግራሙ ተከፍቷል። መንገድ ላይ ያለ፦ አንድ። ስቸኩል ሌላ አቃፊ ከፈትሁ። ተመለስሁ። መረጥኋት። ሰረዝኋት። መንገድ ላይ ያለ፦ ባዶ። ገመዱን መልሼ ሰክቼ ጥጌ ስደርስ ገቡ።

«የእሱ ይሠራል እኮ» አሉ። አዩት፤ የእሳቸውም ይሠራል። አንገታቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ።

አራት ሰዓት ሆኗል። ይህን የምጽፈው ጥጉ ላይ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ሆኜ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወርዷል። ጋሼ ሥራቸው ላይ ናቸው። ማንም አላወቀም። እንዲያውም ርቦኛል።

ጋሼ አሁን «እስቲ የጣልሽውን ልይ» አሉ። «አጸዳሁ ብሎ የሚፈለገውን የሚጥል ብዙ አይቻለሁ።»

የተሰረዘው የሚሄድበት አቃፊ አለ። ባዶ አላደረግሁትም።

የሚያዩት ከላይ ጀምረው ነው። አዲሱ ደግሞ ከላይ ነው።

ማውሱ ቆመ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ፣ መልሰው አወረዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰባት መስመር ለማንበብ ይህን ያህል አይፈጅም። ሁለተኛ እያነበቡ ነው። አልተቆጡም። የሳቁም አይመስለኝም፤ ጀርባቸውን ነው የማይ፣ ትከሻቸው ትንሽ ይነቃነቃል።

«ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ደግሞ ከዚህ ቤት አይወጣም» አሉ።

ከዚያ፣ ዞር ሳይሉ፦

«ትርንጎ።»