እናቴን የት ልውሰዳት?

ሰኞ፣ ኦገስት 25

የሒሳብ ፈተና ተመለሰልን። ከመቶ ሃምሳ አራት። መምህሩ "ጭንቅላትህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?" አለኝ። ምሳ ላይ ሁለት ማግዊኛ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ በሻይ። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ደብተሬ ላይ ደርሷል። ነፋስ ነበር። ከተማችን ማውን ሙሉ ቀን አሸዋ ስትቅም ዋለች።

ቤት ስደርስ እናቴ ተኝታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ከሥራ መጥታ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።

"እማ፣ ራት ልሥራ?"

"አንተ ብላ።"

ከኤፕሪል ወዲህ እንዲህ ናት። ፔንዮ ከሞተ ወዲህ። ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው... ነበር። ይህችን "ነበር" እስካሁን እጄ እሺ ብሎ አይጽፋትም። ከሳፋሪ ካምፑ በመኪና ሲመለስ፣ አመሻሽ ላይ፣ አስፋልቱ መሐል የቆመ በሬ። በቃ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ጎረቤት እናቴን ምን ብሎ እንደሚጠራት ግራ ገብቶታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በበኩር ልጇ ስም ስትጠራ ኖራለች፣ ማፔንዮ፣ የፔንዮ እናት። አሁን ስሟ ጋ ሲደርሱ ያስላቸዋል። ዛሬ አንዷ በእኔ ስም "ማሞፓቲ" ብትላት ዞራ እንኳ አላየቻትም። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እንጃ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 28

ራታንግ መጣ። ከፔንዮ ጋር አንድ ካምፕ የሚሠራው። በሩ ላይ ቆሞ እንደ ድሮው ጮኸ፦ "ማፔንዮ! አሉ?"

"አለሁ ልጄ!" ብላ ወጣች። ወጣች!

የካምፑ ልጆች ተማክረው ነው የላኩት። ፔንዮ ሁሌ "አንድ ቀን እናቴን አምጥቼ አውሬ አሳያታለሁ" ይል ነበር አሉ። መኪናና ድንኳን ከእነሱ፣ ሾፌሩ ራሱ ራታንግ፣ ሦስት ሌሊት። እኛ ቦታ ብቻ እንምረጥ።

እናቴ አሥራ ስምንት ዓመት የሎጅ አንሶላ አጥባለች። አንበሳ አይተው የመጡ ሰዎች የተኙበትን። እሷ ራሷ ግን ጫካ የሚባል ገብታ አታውቅም።

"የት ይሻልዎታል?" አላት።

"እኔ ምን አውቃለሁ። ሞፓቲ ይምረጥ።" ተመልሳ ገባች። ግድግዳው።

ራታንግ ትከሻዬን ያዘኝ። "በል አለቃ፣ ተሾመሃል። እስከ መጪው አርብ ንገረኝ፣ ፈቃድ ቶሎ ካልያዝን ቦታ አናገኝም። ደግሞ ጃንዋሪ ላይ ወደ ሌላ ካምፕ ያዛውሩኛል። ከዚያ ወዲያ መኪናው በእጄ አይደለም።"

አንድ ጊዜ ብቻ ማለት ነው። እዚያ ሄዳም ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ ብታዞርስ?

ቅዳሜ፣ ኦገስት 30

የፔንዮን ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። ዕቃው ሲከፋፈል እንደ ወጉ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ዲቲሮ፣ ኮፍያውን፣ ጃኬቱንና ቡትስ ጫማውን ወሰደ። ደብተሩን "አንተ ተማሪ ነህ" ብሎ ለእኔ ወረወረልኝ።

ውስጡ ሠንጠረዥ አለ። ቁልቁል ቦታዎች፣ አግድም ወራት፣ መሐሉ ኮከብ። ቾቤ፣ ሴፕቴምበር፣ አምስት ኮከብ፤ "ዝሆን በመንጋ፣ ወንዙ ዳር። ጀልባ። መኪና ግን ይበዛል።" ሞሬሚ፣ ሴፕቴምበር፣ አምስት ኮከብ፤ "ነብርና የዱር ውሻ።" ካላሃሪ ከዝናብ በኋላ፣ አራት፤ "ጎፈሬው ጥቁር አንበሳ። ውኃ ከቤት ይያዝ።"

እንግዳ ሲጠይቀው ይህን ገልጦ ነበር የሚመልሰው። አሁን እኔ ጠያቂ፣ እሱ መላሽ... እጅ ጽሑፉ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 2

በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዬ ለኦቡሲ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ለክፍሉ ሁሉ።

"ደቡብ አፍሪካ ውሰዳት፣ ክሩገር! መንገዱ አስፋልት ነው፣ አይስክሬም አለ። እናትህ መስኮት ከፍታ አንበሳውን ሰላም ትለዋለች" አለኝ አንዱ።

"አንተን ማን ጠየቀህ? ከከብት በቀር ምን አይተህ ታውቃለህ?" አለው ኦቡሲ።

"ዝሆን! ባለፈው ሳምንት የእኛን አጥር ሲያፈርስ።"

የጂኦግራፊ መምህራችን ዛምቢያዊ ናቸው። እሳቸውም ገቡበት። "የእኛ አገር ሉዋንግዋ ነው እንጂ! በእግር። አውሬ በመኪና ማየት ፊልም ማየት ነው።" እናቴ በእግሯ? ጉልበቷ እኮ ደረጃም አያስወጣት።

ሁሉም የራሱን ይነግረኛል። ሁሉም እርግጠኛ ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ደብተሩን ይዤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አነበብኩላት።

"አንበሳ፣ እማ። ጎፈሬው ጥቁር።"

"አንበሳ የአባቴን ሁለት ጥጃ በልቷል። ደግሞ ሄጄ እንዴት ነህ ልበለው?"

"እሺ ዝሆን። በመንጋ።"

"ሾሮቤ መንደር ያለውን ማሽላችንን ማን የጨረሰው ይመስልሃል? እኔ እኮ ነኝ ያበላሁት። እሱ መጥቶ ያመስግነኝ።"

"ነብር..."

"ዛፍ ላይ የሚተኛ ድመት።"

እኔ ተናደድኩ። ወራት ሙሉ ሲያዝን ለከረመ ሰው አንድ ነገር ሲያቀርቡለት... አሁን ስጽፈው ግን፣ ከኤፕሪል ወዲህ ይህን ያህል አውርታ አታውቅም። ይህን ያየሁት አሁን ነው።

አርብ፣ ሴፕቴምበር 5

ቾቤ አልኩት። ሴፕቴምበር 26። አምስት ኮከብ ነዋ። ራታንግ "ምርጫ አዋቂ! የወንድምህ ወንድም ነህ" አለኝና እዚያው ስልኩን አወጣ። ተያዘ። ቀለል አለኝ።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14

ተበላሸ። ሁሉም ተበላሸ።

ጠዋት ግቢ ውስጥ ጠጠሩን የሚረግጥ ጫማ ሰማሁ። ረጅም እርምጃ፣ ተረከዙን የሚጎትት። ፔንዮ! ልቤ ዘለለች። እየሮጥኩ ወጣሁ። አጎቴ ዲቲሮ ነው። በፔንዮ ቡትስ። ሰላምታ ሳልሰጠው ቆምኩ... ምን ብዬ ልስጠው?

ወሬው ሾሮቤ ደርሶ ነው የመጣው። ገና ሳይቀመጥ፦

"ከል ለብሳ ጫካ ልትገባ ነው አሉ። ማነው ይህን ያሰበው?"

"እኔ ነኝ አጎቴ።"

"አንተማ ልጅ ነህ። ይህ አስጎብኚ ተብዬስ? ሐዘንተኛ ትኩስ ነው። እሷ የረገጠችው ሣር ይደርቃል፣ ዝናብም ይከለከላል። የሰው ከብት ቢያልቅ ማን ይጠየቃል? የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ ምድር ሲበርድ፣ ያኔ እኔው ራሴ መጥቼ ከሉን አወርዳለሁ። እስከዚያ ከሥራዋና ከቤቷ በቀር የትም።"

"በሳይንስ ግን ዝናብ የሚመጣው..."

"ሳይንስህን ደመና አምጣ በለው።"

እናቴን አየኋት። እምቢ ትላለች ብዬ። "ወንድሜ እውነቱን ነው" አለች። ገባች።

ለራታንግ ደወልኩ። "እንዴት ረሳነው?" አለኝ። "ሁለታችንም እንደ ፈረንጅ አሰብን እኮ። ወር ቆጠርን፣ ኮከብ ቆጠርን፣ ሴትየዋ ምን እንደለበሰች አላየንም።" ሰረዘው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ምንም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

አርባ አንድ ዲግሪ። ቆርቆሮው ይንቋቋል። ውጭ፣ ዛፉ ሥር ተቀምጠን ነበር፤ እናቴ ባቄላ ትለቅማለች፣ እኔ ሥራ ፈትቻለሁ። ድንገት ነው የወጣኝ።

"እማ፣ አንቺ ራስሽ ግን ምን ማየት ነው የምትፈልጊው?"

እጇ ቆመ።

"አንድ ቀን ደውሎልኝ ነበር" አለች። "ልብስ ሳሰጣ። 'እማ፣ አታውሪ፣ ዝም ብለሽ ስሚ' አለኝ። ስልኩን ወደ ውጭ አወጣው መሰለኝ። የሚጮህ ነገር... እንደ ቡችላ፣ ግን ብዙ፣ ብዙ። 'ሥራህን ትተህ ውሻ ማርባት ጀመርክ?' አልኩት። ሳቀ። የሜዳ አህያ ነው አለኝ። የሜዳ አህያ እንደዚያ ይጮሃል ብዬ በምን አውቄ!"

"የት ሆኖ ነው?"

"እኔ እንጃ። ጭቃ ይዞን ቆመናል ሲል ነበር።"

ደብተሩን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ አገላበጥኩ። አገኘሁት። ናይ ፓን፣ ዲሴምበር። "የድሮ ሐይቅ፣ አሁን የሣር ሜዳ። ዝናብ ሲመጣ የሜዳ አህያ ከሰሜን ይገባል፣ እዚያ ይወልዳል። ለእንግዳ አይሆንም። ጭቃ፣ ትንኝ። ኮከብ የለውም።" ከሥሩ በሌላ ቀለም፦ "ለእማ ደወልኩላት።"

ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህን ደብተር ሳነብ ኮከብ የሌለውን እየዘለልኩ ነበር። እሷን ግን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም። "ምረጥ" ስላለችኝ ብቻዬን የምመርጥ መሰለኝ።

ዝናብ ይመጣል? በጊዜ ይመጣል? ራታንግ ከመሄዱ በፊት?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ደመና ተሰበሰበ። ሄደ። ሌባ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 20

ዘነበ!! ክፍል ውስጥ ነበርን። ጣሪያው ላይ እንደ ድንጋይ ሲወርድ መምህሩ አቋርጠው ሳቁ። ኦቡሲ "ሞፓቲ፣ አጎትህ መንገድ ጀምረዋል!" አለኝ። ሸሚዛችን እስኪጣበቅ ሜዳው ላይ ቆምን።

እሑድ፣ ኖቬምበር 23

አጎቴ ዲቲሮ ቃሉን ጠበቀ። ንጋት ላይ ሥራ ሥር የተዘፈዘፈበት ውኃ ይዞ መጣ። ከሉ ወረደ፣ ፀጉሯ ተላጨ። ከዚያ በስሎ የተቀጠቀጠ ሥጋ ከገንፎ ጋር በላን። እናቴ በላች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ አንገቷ ቀጭን መሆኑን አየሁ።

አጎቴ ሲሄድ ጫማውን እያየሁ እንደሆነ ገባው። "ይጠበኛል" አለኝ። "ግን አልተውኩትም። እሱ ረግጦ የሄደበትን መንገድ እየረገጥኩ እመጣለሁ።" ሳልወድ ዓይኔ እንባ ሞላ። እሱ ወደ ሌላ ወገን አየ፤ ጥሩ ሰው ነው።

ማታ ለራታንግ ነገርኩት።

"ናይ ፓን? በዝናብ? ጤነኛ ነህ? ያኔ እኮ እንግዳ አንወስድም።"

"እናቴ እንግዳ አይደለችም።"

"አካፋ አመጣለሁ።"

አርብ፣ ዲሴምበር 12

ድንኳን ውስጥ ነኝ። ደረስን፤ ግን ከሰዓት ሙሉ ጭቃ ውስጥ። ጎማው እስከ ወገቡ ገባ። ራታንግ ይቆፍራል፣ እኔ ቅርንጫፍ አነጥፋለሁ፣ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ታዛለች።

"በግራ በኩል ነው የምትቆፍረው፣ በግራ!"

"ማፔንዮ፣ እኔ አሥር ዓመት ነድቻለሁ።"

"እኔ ደግሞ ሃምሳ ሁለት ዓመት አህያ ጋሪ ከጭቃ ሳወጣ ኖሬያለሁ።"

በግራ ቆፈረ። ወጣን።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 13

ስንት ነበሩ? መቁጠር አይቻልም። ሣሩ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ቅርብ፣ እነሱ ደግሞ እስከ ዓይን ጫፍ። ግልገሎቹ መስመራቸው ቡና ዓይነት ነው፤ እግራቸው ከገላቸው ይረዝማል። ራታንግ ሞተሩን አጠፋው። መጀመሪያ አንዱ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሜዳው ሁሉ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም። ራታንግ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል።

በኋላ አፍንጫዋን ጠርጋ፦ "ያቺ ወፍራሟ፣ ቂጧን እያወዛወዘች የምትሄደው፣ አክስትህን አትመስልም?"

ራታንግ ሳቁ አፍኖት መሪው ላይ ተደፋ።

ፔንዮ አስጎብኚ ነበር። ጎበዝ አስጎብኚ ነበር።

እሑድ፣ ዲሴምበር 14

ጠዋት መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ደረስን። ራታንግ ቆመ። "ቀኝ ውኃው ነው፣ ትናንት የአንበሳ ዱካ አይቻለሁ። ግራ ሜዳ ነው፣ ምን እንዳለ እንጃ። ሞፓቲ፣ ምረጥ።"

አፌን ከፈትኩ።

"ግራ" አለች እናቴ።

"ማፔንዮ፣ ቀኙ ግን..."

"ግራ አልኩህ። ንዳ ዝም ብለህ።"

አንድ ሰዓት ተኩል ነዳን። ምንም አልነበረም። አንድ ሰጎን ብቻ፣ እሷም ሸሸች። እናቴ ራሷን በመስኮቱ አውጥታ፣ ነፋሱ የተላጨ ጭንቅላቷን እየመታት፣ ባዶውን ሜዳ ስታይ ቆየች። ስንመለስ ይቅርታ ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነገ ከመነሳታችን በፊት ያንኑ የግራ መንገድ ከዛሬው ራቅ አድርገን እንድንነዳው አዘዘችን።