ከደረጃው ሥር ስላለው በርሜል

ውድ ሊስሎት፣

አንትወርፕ ከተማ ጓደኛሽ ዘንድ እንዳረፍሽ አባትሽ ነገረኝ። ልደውልልሽ ስልኩን እያነሣሁ መልሼ አስቀመጥኩት። በስልክ ከሆነ መቀለዴ አይቀርም፤ አፌን ታውቂው የለ፣ ዝም ማለት ሲገባው ነው የሚፈታው። ወረቀት ላይ ግን የሚስቅልኝ ሰው ስለሌለ እውነቱን እስከ መጨረሻው እጽፈው ይሆናል።

የምጽፍልሽ ስለ መንደሩ በዓል እሑድ ነው። ኢርማ መጠጥ ቤቷ ውስጥ እንደ ልማዷ ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ አይብና ሰናፍጩን ደርድራ፣ የማን ቢራ እንደሆነ ሳናውቅ እንድንፈርድ አስቀምጣናለች። አንቺ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ ትወለውያለሽ። ኢርማ አንዱን ጠርሙስ አተላው እንዳይናወጥ ቀስ ብላ አዘንብላ ቀዳችልኝ።

ያረጀ ቢራ በመጀመሪያው ጉንጭ አይፈረድበትም። ይህን ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ። የመጀመሪያው ጥርስ ያፋጫል፤ ሁለተኛው ምላስን ያስታርቃል፤ ቢራው ራሱ የሚናገረው በሦስተኛው ነው። አባትሽ ዘንድ በቢራ ጓዳው ሥራ የጀመርሽ ሰሞን «ከሦስተኛው በፊት አፉን የከፈተ ከጠረጴዛ ይነሣ» እያልኩ እንዴት እንዳስጨነቅኩሽ አልረሳውም።

እኔ ግን በመጀመሪያው ከፈትኩት።

«ኢርማ! ቢራውን ተይውና ሰላጣ አምጪ፣ ኮምጣጤው ደርሷል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጠው ፊርሚን እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሳቅ ከሰማሁ አልቆምም፤ «ሰውዬው በርሜሉን የደፈነው በቡሽ አይደለም፣ በካልሲው ነው!» ብዬ ጨመርኩበት።

ከዚያ ሁለተኛውን ጎነጨሁ። ሦስተኛውንም። ቼሪ ሳይገባበት የቼሪ ጣዕም፣ የደረቀ ፕለም፣ ትንሽ የአሮጌ ቆዳ ሽታ፤ ከተዋጠም በኋላ ኮቱን ለብሶ እንኳ መሄድ እንዳቃተው እንግዳ አፍ ውስጥ ይቆያል። እንዲህ ያለ ነገር በመንደራችን የሚወጣው ከአንድ በርሜል ብቻ ነው፤ አባቴ ከደረጃው ሥር ትቶት ከሞተው፣ እኔና አባትሽ «ሞቷል» ብለን ከተውነው በርሜል። አንቺ ብቻ ነሽ በየጊዜው እየተነነ የሚጎድለውን እየሞላሽ፣ እየቀመስሽ፣ ከአዲሱ ቢራ ጋር ለመቀየጥ የሚደርስበትን ቀን የጠበቅሽው።

ሊስሎት፣ ጋዜጣው ሳይገለጥ ያንቺ መሆኑን አውቄ ነበር። ግሩም መሆኑንም አውቄ ነበር።

ፊርሚን ዓይኑን እየጠራረገ «እሺ ኦዲል፣ ቀልዱ ይብቃና ፍርዱን ንገረን» አለኝ።

«ፍርዱ ሰላጣው ነው» አልኩ።

ለምን እንዳልኩት ለራሴ ብዙ ሰበብ ፈልጌ ነበር። አንዱም አያዋጣም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የእኔም ቅይጥ ነበረ፤ ያንቺ በልጦት ነበር፤ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በእጄ ባስተማርኳት ልጅ። ኢርማ ጋዜጣውን ስትገልጠውና ጠርሙሱ ላይ የእጅ ጽሑፍሽ ሲታይ፣ አንቺ ፈገግ ብለሽ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

አባትሽ በርሜሉን ለጌንት ከተማው አናጢ ሊሸጠው መሆኑን የሰማሁት ከሄድሽ በኋላ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ሰውዬው በመኪና መጥቶ ቢራውን ደፍቶ እንጨቱን ለአትክልት ቦታ ጠረጴዛ ሊሰነጥቀው ነው። «ለምን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሊስሎት ራሷ ነች ሽጠው ያለችኝ። አጎቴ ኮምጣጤ ካለው ኮምጣጤ ነው፣ እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም አለች» አለኝ። ወንድሜን ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ኢርማ ቤት ሄድኩ። እሷን፣ ፊርሚንንና ሌሎቹን ካርታ ሲጫወቱ አገኘኋቸውና ቆሜ ተናገርኩ። «ያን ዕለት ዋሽቻለሁ። የሊስሎት ቢራ ከሁላችንም ይበልጣል።»

ምን እንዳደረጉ ልንገርሽ? ሳቁ።

«አሁን ደግሞ ማንን ልታሞኝ ነው?» አለች ኢርማ።

ፊርሚን ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ሁሉ አየ፣ ያጠመድኩትን ወጥመድ ሊያገኝ። የሱቅ ርካሽ ቢራ አቧራ በለበሰ ጠርሙስ ሞልቼ የመንደሩን ውል አዋዋይ «ግሩም አሮጌ ቢራ» ያሰኘሁ ሰው፣ እንዴት ይመኑኝ? ማልኩ፤ ሳቁ ባሰባቸው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ኢርማ ጓዳ የቀረውን ጠርሙስሽን ራሴ ከፍቼ፣ ቀድቼላቸው ተቀመጥኩ። ፊርሚን በመጀመሪያው ፊቱን አጨማደደ። በሁለተኛው ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከሦስተኛው በኋላ «አባትህ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ያለ አልጠጣሁም። የማን ነው?» አለ።

«የሊስሎት ነው። ያን ዕለት የጠጣነው ራሱ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ፊርሚን ብርጭቆውን አስቀምጦ አየኝ። «አንተ ይህን አፍህ ውስጥ ይዘህ ነው ያን የተናገርከው?»

«አዎ» አልኩ። ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም።

ከዚያ ወደ አባትሽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። «በርሜሉ የእሷ ነው፤ አስቀረው ካላለችኝ አላስቀረውም» አለ። ልክ ነው። እኔም አስቀሪው አልልሽም፤ ስለ ቢራሽ የመናገር መብቴን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጥዬዋለሁ። ይህን የጻፍኩልሽ በእኔ ውሸት ተነሥተሽ እንዳትወስኚ ብቻ ነው።

ከቅዳሜ በፊት ለአባትሽ ደውዪለት። ስለ እኔ እንዳትጠይቂው፣ እኔም ይቅር በዪኝ ብዬ አላስቸግርሽም፤ ስለ በርሜሉ ብቻ ንገሪው። ሽጠው ካልሽው ለሰውዬው በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ፣ ሲደፋም ቆሜ አየዋለሁ። አትሽጠው ካልሽው ደግሞ እስክትመለሺ የጎደለውን አባትሽ ይሙላው።

እኔ አልነካውም።

ያፈረብሽ ሳይሆን ያሳፈረሽ አጎትሽ፣
ኦዲል